ልጁን ማን ይወስዳል ከማለታችን በፊት

ጠበቃ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ትዳሩ መንገዳገድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ነገር ሁሌም አንድ ነው፣ "ልጁን ማን ነው የሚወስደው?" እናትየዋም ትጠይቃለች አባትየውም ይጠይቃል፣ አንዳንዴ አያት ወይ አክስት ትደውላለች፣ ገና ለመለያየት እያሰቡ ያሉም ይጠይቃሉ። የምመልሰው ነገር ሁሌ ተመሳሳይ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፣ ረዘም ይላል ግን የልጆች ጉዳይ ስለሆነ ታገሱኝ።

ዳኛ ፊት ስትቀርቡ ህጉ የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄ ልጅ ከማን ጋር ቢኖር፣ የት ቢማር፣ በምን ሁኔታ ቢያድግ ይሻለዋል ነው የሚለው። ሲሰማ ከ"ማን ይወስዳል" ጋር አንድ ይመስላል ግን እኔ ያየሁት ጸብ አብዛኛው የሚነሳው እዚህ ጋር ነው ምክንያቱም ወላጆች የሚመጡት የየራሳቸውን መብት ይዘው ነው፣ እኔ ነኝ ያማጥኩት፣ በኔ ስም ነው የሚጠራው፣ ዘጠኝ ወር ማን ተሸከመው፣ ማን አበላው፣ እንዲህ እየተባለ ልጁ ራሱ የት እንዳለ ይረሳል። ማመልከቻ ስንጽፍ እንኳን ባለጉዳዮች የሚነግሩኝ ቅደም ተከተል አለ፣ መጀመሪያ ኮንዶሚኒየሙ፣ ከዛ መኪናው፣ ከዛ ባንክ ያለው ብር፣ እሷ የጣለችው እቁብ፣ የቤት እቃው፣ እና መጨረሻ ላይ "ልጆቹም እኔ ጋር እንዲሆኑ"። ልጅ ግን የጋራ ንብረት አይደለም፣ እኩል አይካፈልም፣ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ግምቱ በብር አይከፈልም።

ህጉ ምን ይላል ለሚለው፣ ከላይ ልጀምር። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 36 የልጆች መብት ነው፣ ንኡስ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤትም ይሁን አስተዳደር ይሁን ህግ አውጪ፣ የመንግስትም የግልም የበጎ አድራጎት ተቋም፣ ልጅን የሚመለከት እርምጃ ሲወስድ በቀዳሚነት የልጁን ደህንነት ማሰብ አለበት ይላል። ይሄ የመጣው ኢትዮጵያ በ1984 በአዋጅ ከተቀበለችው የተባበሩት መንግስታት የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽን ነው፣ አንቀጽ 3። ከዛ የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ አለ፣ አዋጅ 213/1992፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሰራው እሱ ነው፣ ክልሎች ደግሞ አብዛኞቹ የራሳቸውን አውጥተዋል (አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይ የየራሳቸው አላቸው)። እዚህ አዋጅ ላይ አንቀጽ 113ን ማንም የሚፋታ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን እዛው ላይ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ቀለባቸውን፣ ወላጅና ልጅ የሚጠያየቁበትንም መወሰን አለበት። ይሄን ሲወስን የሚያየው የባልና ሚስቱን ገቢ፣ እድሜ፣ ጤንነት፣ የኑሮ ሁኔታ፣ እና የልጆቹን እድሜና ጥቅም ነው።

ልብ በሉ ዝርዝሩ ውስጥ "ትዳሩን ማን አፈረሰው" የሚል የለም። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ይናደዳሉ። አንድ አባት እሷ እኮ ከሌላ ሰው ጋር ይዣታለሁ፣ ማስረጃ አለኝ፣ እንዴት ልጅ ይሰጣታል ይለኛል፣ እናትም ጥሎኝ የሄደው እሱ ነው እንዴት ደፍሮ ይጠይቃል ትላለች። ህመሙ ይገባኛል። ግን ለተበደለው ወገን ካሳ ካስፈለገ ህጉ ለሱ ሌላ መንገድ አለው፣ ልጅ ግን ለበደል ካሳ ሆኖ አይሰጥም። ባህሪው ልጁን የሚጎዳ ከሆነ፣ ሰክሮ እየገባ የሚያስፈራራ ከሆነ፣ ልጅ ብቻውን ቆልፋበት የምታድር ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ የሚታየው ልጁ ላይ የደረሰው ወይ ሊደርስ የሚችለው ነገር ነው።

ሌላው በየቡና ቤቱ፣ በየቤተ ዘመዱ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ በእርግጠኝነት የሚነገር ነገር አለ፣ "ልጅ እስከ 5 ዓመቱ የእናት ነው፣ ከዛ አባት ይወስዳል።" ይሄ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ላይ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጆች 5 ዓመት እስኪሞላቸው ለእናታቸው ይሰጣሉ የሚል ነገር ነበር። ያ የቤተሰብ ክፍል በ1992ቱ አዋጅ ተተክቷል፣ አዲሱ ላይ የ5 ዓመት ነገር የለም። ግን ሰው ልብ ውስጥ አልተሻረም፣ ልጁ 5 ዓመት እስኪሞላው እየቆጠረ የሚጠብቅ አባት አለ፣ የልጇ ልደት በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳት እናት አለች። በተግባር ህጻን ልጅ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የሚጠባ ልጅ ከሆነ ደግሞ ማንም አይከራከርም፣ ምክንያቱ ግን ያንን ልጅ በየቀኑ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሲታመም ይዞት የሚያድረው ማነው የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ እናት ስለሆነ ነው። አባት የሆነባቸው ቤቶች አሉ፣ እዛ ቤት ልጁ አባት ጋር ሲቆይ አይቻለሁ፣ ትክክልም ነው።

ገቢን በተመለከተም አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። "እኔ ደሞዜ ከሷ በሶስት እጥፍ ይበልጣል ስለዚህ ልጁ እኔ ጋር ይሻለዋል" የሚል ክርክር በጣም ብዙ ነው የሚቀርበው። ገቢ ይታያል ብያለሁ፣ ግን አንደኛው ወላጅ ብር ካለው ብሩ ወደ ልጁ የሚሄድበት መንገድ አለ፣ ቀለብ የሚባለው ለዛ ነው። ብር ስላለው ብቻ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከሰራተኛ ጋር እንዲውል ከሚያውቃት እናቱ መለየት ምን ይጠቅመዋል? እንዲያውም ህጉ ገና ክርክሩ ሲጀመር ስለ ቤቱም አስቧል፣ አንቀጽ 82 ላይ ፍርድ ቤቱ ከጋራ መኖሪያው አንዳቸው ይውጡ ብሎ ማዘዝ ካለበት የልጆቹን ጥቅም እና ከቤት መውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው የትኛውን ነው የሚለውን አይቶ ነው። ይሄን የማያውቁ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሌሊት ወጥተው ከወንድማቸው ቤት ሳሎን ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ባል ደግሞ ሶስት መኝታ ቤት ውስጥ ብቻውን። ለህይወታችሁ የምትሰጉ ከሆነ ውጡ፣ አትቆዩ፣ ግን ወጣሁ ማለት ቤቱን ለቀቅኩ ማለት እንዳልሆነ እወቁ፣ በማግስቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፣ ስለ ቤቱም ስለ ልጆቹም ስለ ቀለቡም፣ የፍቺው ውሳኔ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም።

አሁን ሁሌ ለሰው የምጠቅሰውን አንድ ውሳኔ ላንሳ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የበታች ፍርድ ቤቶችን የህግ ስህተት የሚያርመው) በ2000 ዓ.ም የሰጠው፣ የመዝገብ ቁጥር 23632። እናት ሞታለች፣ ልጁን የምታሳድገው አክስቱ ናት። አባት መጥቶ አሳዳሪና ሞግዚት (አሳዳሪ ልጁን የሚያሳድገው፣ ሞግዚት በህግ የሚወክለውና ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ነው) እኔ ልሁን ብሎ ይጠይቃል። በህጉ ተራ አነጋገር ከወላጆች አንዱ ሲሞት አሳዳሪነቱም ሞግዚትነቱም ለቀረው ወላጅ ነው፣ ስለዚህ የስር ፍርድ ቤቶች ለአባት ወሰኑ። አክስት እስከ ሰበር ሄደች። ሰበር ችሎቱ ህገ መንግስቱን አንቀጽ 36ን እና የህጻናት ኮንቬንሽኑን አንቀጽ 3ን አንስቶ፣ አባትየው ለዓመታት የልጁን ኃላፊነት ሳይወጣ ኖሮ ወላጅ ስለሆነ ብቻ ይገባዋል ሊባል አይችልም፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የልጁ ጥቅም ነው ብሎ የስር ፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ ሻረው። የሰበር ውሳኔ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ይሄ ማለት ስጋ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። ወላጅነት መብት የሚሆነው ግዴታውን ይዞ ሲመጣ ነው፣ ይሄ ነው ለኔ የጠቅላላው የቤተሰብ ህግ ልብ ብዬ የማስበው።

ይሄ ውሳኔ በተለይ የሚነካው እናቶቻቸው ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ ሄደው አያት ጋር የሚያድጉ ልጆችን ነው። ስንት ሰፈር ውስጥ አለ መሰላችሁ። እናት በየወሩ ትልካለች፣ አያት ታሳድጋለች፣ አባት የለም፣ ከዛ ልጁ ከፍ ሲል ወይ እናት ስትመለስ ወይ ብር እንዳለ ሲታወቅ አባት ብቅ ይላል። አያቶች ወረቀት የላቸውም፣ በቃ ልጅ ልጃቸው ነው፣ ማን ይጠይቃቸዋል። ግን ትምህርት ቤት ሲጠይቅ፣ ሆስፒታል ለኦፕሬሽን ፈርሙ ሲል፣ ፓስፖርት ሲያስፈልግ ያኔ ነው የሚታየው። ውጪ ያላችሁ እናቶች ቢያንስ በኢምባሲ ወይ በቆንስላ ውክልና ላኩላቸው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲታወቅላቸውም ጠይቁ፣ ልጁ ሲታመም ማን ይፈርም የሚለው በዛን ቀን ሊፈታ የሚችል ነገር አይደለም።

ወደ ቀለብ ልምጣ ምክንያቱም ልጆች በየቀኑ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው።

"ልጅ በእድሉ ያድጋል።" ይሄን ንግግር ስንት አባት አፍ ላይ ሰማሁት። ልጅ በእድሉ አያድግም፣ በምግብ ነው የሚያድገው፣ በቤት ኪራይ፣ በክትባት፣ በደብተር፣ በትምህርት ቤት ክፍያ። ህጉም ቀለብ ሲል ምግቡን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፣ መኖሪያው፣ ልብሱ፣ ጤናው፣ ትምህርቱም አለበት። መጠኑ ሲወሰን ሁለት ነገር ይታያል፣ የልጁ ፍላጎት እና የከፋዩ አቅም። ስለዚህ ቀለብ ስትጠይቁ "ተገቢ ቀለብ ይከፈለኝ" ብላችሁ ብቻ አትቅረቡ፣ በጣም ብዙ ሰው እንደዛ ያደርግና ትንሽ ብር ሲወሰን ዳኛው ላይ ያማርራል። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመድሃኒትና የህክምና ደረሰኝ፣ ልጁ የሚጠቀመው ወተት ዳይፐር ምናምን በወር ስንት እንደሚፈጅ በዝርዝር ጽፋችሁ አቅርቡ። የሱን ገቢ ደግሞ ተቀጣሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለመስሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ የደሞዝ መግለጫ ያስቀርባል፣ ካስፈለገም ቀለቡ በቀጥታ ከደሞዙ ተቆርጦ እሷ አካውንት እንዲገባ ያዛል። አስቸጋሪው የነጋዴውና የሹፌሩ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው ሰውዬ ችሎት ቀርቦ ስራ የለኝም ይላል፣ ሚኒባስ የራሱ ሆኖ ተቀጣሪ ሹፌር ነኝ ይላል። ለዚህ ነው የንግድ ፈቃድ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባንክ እንቅስቃሴ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲመጣ መጠየቅ ያለባችሁ፣ ምስክርም ይረዳል፣ አብራችሁ ስትኖሩ ቤቱ በምን ይተዳደር እንደነበር የሚያውቅ ጎረቤት ይኖራል። አባት በእውነት ከሌለው ወይ ከሞተ ህጉ የቀለብ ግዴታን ወደ ላይም ይዘረጋዋል፣ አያቶችም አለባቸው።

የተወሰነ ቀለብ ደግሞ ለዘለዓለም እንደዛው አይቀርም። ሁኔታ ከተቀየረ ይጨምርልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ከፋዩም ስራ ካጣ ይቀነስልኝ ማለት ይችላል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዘይቱም የመድሃኒቱም የትምህርት ቤቱም ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከዛ በፊት የተወሰነ ቀለብ አሁን የወሩን ወተት ላይሸፍን ይችላል። ማሻሻያ ለመጠየቅ ይሄ ጥሩ ምክንያት ነው፣ ግን ፋይሉን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያስፈልጋል፣ ፍርድ ቤት በራሱ ተነስቶ ገበያ ወጥቶ አይጨምርላችሁም። እያለው እምቢ የሚል ሰው ላይ ደግሞ አፈጻጸም መክፈት አለ፣ ማለትም ውሳኔው በግዴታ እንዲፈጸም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ፣ ከዛም አልፎ በ1996ቱ የወንጀል ህግ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ያለ በቂ ምክንያት አለመወጣት ራሱ ያስቀጣል።

አሁን በጣም የሚያናድደኝን ልናገር። ቀለብና ጉብኝት መለዋወጥ። "ካልከፈለ አያያትም" ትላለች እሷ፣ "ካላሳየችኝ ሳንቲም አልሰጥም" ይላል እሱ። ሁለቱም መስሏቸው ነው እንጂ አንዱም የነሱ አይደለም። ቀለቡ የልጁ ነው፣ ጉብኝቱም የልጁ ነው፣ ኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ላይ ከወላጁ የተለየ ልጅ ከሁለቱም ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት አለው የሚለው ልጁን ነው። ስለዚህ አባት ስላልከፈለ ልጁን ስትከለክይው ልጅሽ ሁለት ጊዜ ተቀጣ፣ ብሩንም አባቱንም አጣ። አንተም ስላላሳየችህ ቀለብ ስታቆም የሚራበው ልጅህ ነው እሷ አይደለችም። አልከፈለም? አፈጻጸም ክፈቺ። አላሳየችህም? ትእዛዙን ይዘህ ፍርድ ቤት ተመለስ። ለየብቻ ነው የሚሄዱት። ማየቱ ለልጁ አደገኛ የሆነበት ሁኔታ ካለ፣ አባትየው የሚደበድብ ከሆነ ወይ ልጁን ይዞ ሊጠፋ የሚችል ከሆነ፣ ያንንም ፍርድ ቤቱ ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን ወይ ለጊዜው እንዲቆም ማድረግ ይችላል፣ ግን ዳኛው ነው የሚወስነው አንቺ በርሽን በመዝጋት አይደለም።

ጉብኝት ላይ ከሁሉም በላይ የምለምነው ትእዛዙ ዝርዝር እንዲሆን ነው። "አባት ልጁን የመጎብኘት መብቱ የተጠበቀ ነው" የሚል አንድ መስመር ውሳኔ የጸብ ፈቃድ ነው። የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን ያመጣል ማን ይመልሳል፣ የት ነው የምንገናኘው፣ ማደር ይችላል ወይስ አይችልም፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እንዴት ነው፣ ገና ማን ጋር ፋሲካ ማን ጋር፣ ኢድ ከሆነ ኢድ ማን ጋር፣ እንቁጣጣሽ፣ ልጁ ቢታመም በምን ይካካሳል፣ በአዘቦት ቀን ስልክ ይደውላል ወይ። ይሄ ሁሉ ሲጻፍ ሰው ያሰለቸዋል፣ ዳኞችም ፋይል ስለሚበዛባቸው ሁሌ አይዘረዝሩም፣ ስለዚህ እናንተ አዘጋጅታችሁ ቅረቡ። እሁድ ጠዋት ካፌ በረንዳ ላይ ልጅ መሃል ላይ ቆሞ "ሰዓቱ አልደረሰም"፣ "ደርሷል" እየተባለ ሲጎተት አይቻለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚለዋወጡም አሉ። የተጻፈ ነገር ቢኖር ግማሹ ይቀር ነበር።

ልጁንስ ማን ጠየቀው? ኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 የራሱን ሃሳብ መስጠት የሚችል ልጅ እሱን በሚመለከት ጉዳይ የመሰማት መብት አለው፣ ሃሳቡም እንደ እድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል ይላል። አዲስ አበባ ላይ የቤተሰብ ችሎቶች ጋር የሚሰሩ የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች አሉ፣ ሶሻል ወርከር የምንላቸው፣ ልጁን ያናግራሉ፣ ቤት ሄደው ያያሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። ዳኛውም ራሱ ቢሮው አስገብቶ ለብቻው ሊያናግረው ይችላል። እኔ የማየው ችግር ልጆቹ ተጠንተው መምጣታቸው ነው፣ "አባቴ ይመታኛል በል"፣ "እናትህ ሌላ ሰው ታመጣለች በል"። የ7 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው አረፍተ ነገር ሲናገር ወዲያው ያስታውቃል፣ ባለሙያዎቹም ያውቁታል፣ እና የሚጎዳው ያስጠናው ወላጅ ጉዳይ ነው። ከዛ በላይ ግን ልጁ፣ ቤት ሲመለስ ያ የተናገረው ነገር አብሮት ነው የሚኖረው። "ማንን ነው የምትወደው" ብሎ መጠየቅም በጣም መጥፎ ነገር ነው፣ ዘመድ በቀልድ ይጠይቀዋል፣ ልጁ ግን አይቀልድም። የት ትምህርት ቤት ነህ፣ ጓደኞችህ እነማን ናቸው፣ ማታ ማን ያስተኛሃል፣ ሲያምህ ማን ያውቃል፣ እነዚህ ናቸው የሚጠቅሙት ጥያቄዎች።

ስለ ሽማግሌዎቻችንም አንድ ነገር። ሽምግልና እወዳለሁ፣ ብዙ ቤት አድኗል፣ በፍርድ ቤት ኮሪደር ዓመት የሚፈጀውን ነገር በሁለት ቅዳሜ ሲጨርሱት አይቻለሁ። ግን "ስለ ልጆቻችሁ ስትሉ ታረቁ" የሚለው ነገር ሁሌ ትክክል አይደለም። የምትደበደብ ሴት ስለ ልጆችሽ ስትይ ቻይው ስትባል ልጆቹ እኮ በዛው ቤት ነው ያሉት፣ እናታቸው ስትመታ ግድግዳ ጥግ ተሸጉጠው ያያሉ፣ ማታ ጫማ ኮቴ ሲሰሙ ሽንታቸውን ይለቃሉ። ለነዚህ ልጆች ጥቅማቸው የወላጆቻቸው አንድ ቤት መሆን አይደለም፣ ሳይፈሩ መተኛት ነው። አባቶቼ እናቶቼ፣ ሽምግልና ስትቀመጡ እባካችሁ መጀመሪያ ልጆቹ እንዴት ናቸው ብላችሁ ጠይቁ፣ ትምህርት ቤት ውጤታቸው ወርዷል ወይ፣ እንቅልፍ ይተኛሉ ወይ፣ ይበላሉ ወይ፣ ከዛ በኋላ ይታረቁ ወይ አይታረቁ ወስኑ። ካልታረቁም ስራችሁ አላለቀም፣ ለልጆቹ የሚሆን ስምምነት እንዲጽፉ ማስማማት ትችላላችሁ፣ እሱም ትልቅ ሽምግልና ነው።

ሳይጋቡ የተወለዱ ልጆች እናቶችም በጣም ይጠይቁኛል፣ አፍረው ነው የሚጠይቁት፣ ማፈር የለባችሁም። ህገ መንግስቱ እዛው አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። አባት ልጅነቱን ከተቀበለ ተቀበለ፣ ካልተቀበለ በፍርድ ቤት አባትነት እንዲታወቅ መጠየቅ ይቻላል፣ አሁን ዲኤንኤ ምርመራም ይታዘዛል። አባትነቱ ከተረጋገጠ ቀለቡም ውርሱም ይከተላል። የልደት ምዝገባ ደግሞ አባት እስኪያምን አትጠብቁ፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው መመዝገብ ያለበት፣ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ወረቀት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባም ፈተና ሲፈተንም ይቸገራል።

አንዱ ወላጅ ውጪ ሀገር ላላችሁ፣ ልጅ ለእረፍት ብሎ ይዞ ሄዶ አለመመለስ እየበዛ ነው፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ኢትዮጵያ በ1980ው እ.ኤ.አ የሄግ የልጆች ጠለፋ ስምምነት ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ አሜሪካ ወይ አውሮፓ የተሰጠ የአሳዳጊነት ውሳኔ ይዞ መጥቶ በዛ ስምምነት መንገድ ልጁን ማስመለስ አይቻልም፣ እዚህ አዲስ ክርክር ውስጥ መግባት ሊመጣ ይችላል፣ እሱም ረጅም ነው። የጉዞ ፈቃድ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አስቡበት፣ የመመለሻ ቀን ያለው የጽሁፍ ስምምነት ይኑራችሁ፣ የልጁ ፓስፖርት የት እንዳለ እወቁ።

የመጨረሻው ጉዳይ በስምምነት ለተፋታችሁ ነው፣ በተለይ ቶሎ ለመገላገል ብላችሁ "ቀለብ አልጠይቅም" ብላችሁ ለፈረማችሁ እናቶች። ፍርድ ቤት የፍቺ ስምምነት ሲቀርብለት ልጆቹን በበቂ የማይጠብቅ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ ሊወስን ይችላል፣ ሁሌ ግን አይያዝም፣ እና ብዙ እንደዚህ አይነት ወረቀት ጸድቆ አይቻለሁ። እሱን ፈርሜያለሁ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቀለቡ የልጁ ስለሆነ ሁኔታውን አስረድታችሁ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። የተወሰነላችሁ ሆኖ የቆመባችሁም ካላችሁ አትዘግዩ፣ ውዝፍ ቀለብ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካላስረዳችሁ በስተቀር ይቀራል፣ ስለዚህ መክፈል ካቆመበት ወር ጀምራችሁ ቁጠሩ። ጠበቃ ማቆም የማትችሉ ከሆነ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የህግ ትምህርት ቤት ውስጥ ነጻ የህግ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፣ ስትሄዱ ውሳኔውን ኮፒ አድርጋችሁ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት እና ለመጨረሻ ጊዜ የከፈለበትን የባንክ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።